የሰው ፊት ኃላፊዋ እትዬ ትርንጎ

ከሰላምታ በፊት ፊት የሚመረምር ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ይነገረንና ሁላችንም ጓዛችንን ጠቅልለን እዚያ እንግባ። ሌላው ሰው «እንደምን አደርክ» ብሎ ይጀምራል። እነዚህ ግን የሚጀምሩት «ምነው?» ብለው ነው። ምነው ከሳህ? ምነው ጠቆርሽ? ምነው ዓይንሽ ሥር እንዲህ ሆነ? ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ «ደህና ነኝ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ትንሽ ቆይታችሁ እናንተም ራሳችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ።

ቦንጋ ውስጥ ይህን ኃላፊነት ያለ ሹመት ደብዳቤ የያዙት ክብርት እትዬ ትርንጎ ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሰው ፊት ሰጥተዋል። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ከተቀመጡ በባጃጅ የሚያልፍ ተሳፋሪ እንኳ አያመልጣቸውም። አንድ ቀን «ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ምነው አመድ መስለዋል?» ቢሏቸው፣ በሰላም ወደ ገበያ ይሄዱ የነበሩት ሰውዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ተመለሱና አልጋ ያዙ። ሐኪም ቢያገላብጣቸው ምንም አላገኘባቸውም። እትዬ ትርንጎ ግን እስከ ዛሬ «እኔ ባልነግራቸው ኖሮ አልቀውላችሁ ነበር» ይላሉ። የሚቆጣቸው ሰው ሲመጣ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሌላው አይቶ ከኋላሽ ያማሻል፤ እኔ እዚሁ ፊት ለፊት ነው የምነግርሽ።»

እንግዲህ የምሥራቅን ዕድል አስቡት። ምሥራቅ የእኚህ ሴትዮ የአጥር ጎረቤት ናት። ሥራዋ ባንክ ቤት ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ለሕዝብ ስታሳይ ትውላለች። ልጇን ከወለደች ወዲህ ደግሞ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ማድያት ወጥቶባታል። ጠዋት ጠዋት ፓውደሯን ደራርባ፣ የግቢውን በር እንደ ሌባ ቀስ አድርጋ ከፍታ ልትወጣ ስትል ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ይመጣል።

«ምሥሬ! ዛሬ በግራ በኩል ብሶበታል!»

ከመንገዱ ባሻገር ያለው ባለሱቁ ሉቅማን ሳይቀር ስኳር መመዘኑን ትቶ ግራውን ለማየት አንገቱን ያወጣል። ምሥራቅ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ባንክ እስክትደርስ ጥርሷን ነክሳ ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ግን ታናሽ እህቷ ሔርሜላ ከፋሲካ በኋላ ሺሺንዳ ልትዳር ነው። እናታቸው በሕይወት ስለሌሉ ሙሽራዋን በእናት ቦታ ቆማ የምትድረው ምሥራቅ ናት። ከሙሽራዋ ጎን ቆማ የምትነሳው ፎቶ ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለዚያች አንድ ቀን ብቻ፣ ያለ ማድያት፣ ሙሉ ፊት ይዛ መቆም ፈለገች። ይህን ያህል መፈለግ ይበዛባታል?

ፒሊንግ የሚሉትን፣ የፊትን የላይኛ ቆዳ በመድኃኒት ማስላጥ፣ ልታሠራ ቆረጠች። ጂማ ወዳለችው የቆዳ ሐኪም ለመሄድ ሚኒባስ ስትሳፈር እትዬ ትርንጎ ቀድመዋት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማን ነገራቸው? እንጃ። ሐኪሟ ክፍል ሲገቡም ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ዶክተር፣ ግንባሯን ለጊዜው ተዪው፤ አገር ያስቸገረው ጉንጯ ነው።»

ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳች። ለስላሳውን ፒሊንግ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየመሀሉ ፊቱ እያረፈ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሳይቋረጥ መሥራት ይሻላል አለች። «ኃይለኛው እንደኛ ያለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥልና ማድያቱን ሳያጠፋ ሌላ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል» ስትል፣ እትዬ ትርንጎ አንገታቸውን ዘመም አድርገው የሐኪሟን ፊት ያጠኑ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺስ እንቅልፍ የለሽም እንዴ? ዓይንሽ ሥር ምነው?»

ምሥራቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ችግሩ ለስላሳው ለሰርጉ አይደርስም። ቦንጋ ደግሞ የፀዲ የውበት ሳሎን አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ «በአንዴ ልጦ የሕፃን ፊት ያወጣል» ተብሎለታል። ምሥራቅ በለስላሳውና በኃይለኛው መሀል ስትዋልል የሰነበተችው ብቻዋን አልነበረም። እትዬ ትርንጎ ሰኞ የሐኪሟ ደጋፊ ነበሩ፤ ማክሰኞ «ሐኪም ማመላለስ ይወዳል» ብለው ወደ ፀዲ ዞሩ፤ ረቡዕ ሁለቱንም ትተው «ይህን ፊትሽን ቀቢው» ብለው የማንኪራ ጫካ ማር በስኒ ይዘው መጡ። በየመሀሉ ስለ ጉዳዩ ሉቅማንን፣ ባጃጅ ነጂዎችንና የምሥራቅን ደንበኞች የሚያውቀውን ሁሉ አማከሩ። ሐሙስ ባንክ ቤት አንድ ገንዘብ ሊያስገባ የመጣ ገበሬ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ለስላሳው ይሻልሻል» ሲላት ምሥራቅ ፈነዳች።

ያን ዕለት ማታ አጥሩ ጋ ሄደች። «እትዬ፣ ፊቱ የኔ ነው! የእርስዎ አይደለም፣ የከተማውም አይደለም! ቅዳሜ ፀዲ ጋ ሄጄ ኃይለኛውን አሠራለሁ፣ አለቀ! ከእንግዲህ ስለ ፊቴ አንድ ቃል እንዳይናገሩኝ!»

እትዬ ትርንጎ አልመለሱላትም። ምሥራቅ ይህ ሊያሳስባት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ድል ያደረገች መስሏት ገብታ ተኛች።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንንም ሳያዩ ከመንገድ ወደ ግቢያቸው ገቡ። ሉቅማን ሰላም ቢላቸው እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። የአንዲት ገበያተኛን ያበጠ ከንፈር አይተው ዝም ብለው አለፉ! ሰፈሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። እትዬ ትርንጎ ተከናንበው ዝም ካሉ ሰው ሞቶባቸዋል።

ማን እንደሞተ የሚጠይቅ አልተገኘም፤ ለቅሶ ቤት እያለቀሱ ይገባሉ እንጂ እየጠየቁ አይገቡም። የእድሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አግዳሚ ወንበር መጣ፤ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው የመጡም ነበሩ። እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ እየመሰለው ያለቅሳል። አብዛኛው ሰው ሚዛን ከተማ ለሚኖሩት ለወንድማቸው ለጋሽ ኢሳይያስ ነበር የሚያለቅሰው፤ ጋሽ ኢሳይያስ ራሳቸው ወሬውን ሰምተው «እህቴን! ምን አገኛት!» እያሉ ከባጃጅ እስኪወርዱ ድረስ። ሴቶቹ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ለቅሶውን በሌላ ስም ቀጠሉ።

ምሥራቅም ከሥራ ተጠርታ መጥታ ደረቷን እየደቃች ገባች። ትናንት ማታ ሐዘን ላይ ያሉ ሴት ላይ የጮኸች መስሏት ለቅሶዋ የእውነት ነበር። የጓዳው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። «እትዬ፣ እኔ ነኝ፤ ይክፈቱልኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ስትል በሩ ትንሽ ተከፈተና አንድ እጅ ጎትቶ አስገባት።

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አወረዱ። ግራ ጉንጫቸው ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ ቀልቶ አብጧል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ዛሬ በማለዳ የፀዲን ኃይለኛውን አስቀባሁት።» ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «እሷስ ትንሽ ከጆሮዎ ኋላ እንሞክር ብላኝ ነበር። ፊት ላይ ካልሆነ ምኑ ይገባኛል ብዬ እኔ ነኝ ያስቸገርኳት። ከዚያ ወዲህ እንደ እሳት ይለበልበኛል። እንዳትሄጂ፣ ምሥሬ። ቅዳሜ እንዳትሄጂ።»

«እርስዎ ማድያት የለብዎትም! ለምን ብለው?»

«አንቺ ላይ ከማየው ብዬ ነዋ። እኔ ሙሽራ አልድር፣ ፎቶ አልነሳ። ያንቺ ቢበላሽስ?» አሉና አለቀሱ። «ለማንም እንዳትነግሪ። የከተማውን ፊት ሁሉ ስናገር ኖሬ... አይምሩኝም።»

ምሥራቅ መጀመሪያ በንዴት እጇን አነሳች፤ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ከዚያ ያችኑ እጅ ባልተቃጠለው ጉንጫቸው ላይ አሳረፈች። «ነገ ጂማ እንሄዳለን፤ ለእርስዎም ለኔም። ለስላሳውን ነው የማሠራው፤ ለሰርጉ ደረሰ አልደረሰ» አለቻቸው።

ውጭ ግን እድርተኛው ማን እንደሞተ ሊነገረው ይጠብቃል። ምሥራቅ ውኃ የነካ ፎጣ አንስታ ፊቷን አሸችው። ፓውደሩ ሁሉ ተነሣ። እንዲያ ሆና፣ ወራት ሙሉ የደበቀችውን ፊት ይዛ፣ በሕዝቡ ፊት በረንዳው ላይ ቆመች።

«የሞተ ሰው የለም። እትዬ ያዘኑት ለኔ ነው። ፊቴን አይተው ነው።»

ለቅሶው ቆመ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ አየቻትና «ውይ በሞትኩት! ይሄ ሁሉ ማድያት ነው?» አለች። ሌሎቹም መጡ። አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት፤ ጋሽ ኢሳይያስ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዷ አቮካዶ አለች፣ አንዷ እርድ፣ ሦስተኛዋ ሎሚ በጨው አሽታ የዳነች የአክስቷን ልጅ ማስረዳት ጀመረች። ምሥራቅ ቆማ ተመረመረች።

ይሄኔ የጓዳው መስኮት ስንጥቅ ታህል ተከፈተ።

«ሎሚ ያስነካት ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው! የኔ ልጅ ጂማ ሐኪም አላት!»

«ዝም ይበሉ እንጂ፣ እኚህ ሴትዮ!» አለች ምሥራቅ በጥርሷ መሀል። ሰዉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ሊዞር ሲል ፈጥና ሄደች፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ስንጥቁን በትከሻዋ ሸፈነችው፣ ፊቷንም ቀና አድርጋ ለሕዝቡ ሰጠች።

«በግራ በኩል እዩት» አለች፤ «እዚህ ጋ ነው የባሰው።»