ችግሩ ሄዱ ነው

የገደል ማሚቶ ሰው ሆኖ ቢፈጠር ኖሮ በደርግ ዘመን ሥራ አያጣም ነበር! የሰማውን መድገም፣ እሱንም ጫፍ ጫፏን ብቻ ይዞ መጮህ... እናንተዬ፣ ለካድሬነት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ነቀምቴ ላይ በገዛ እጄ የገደል ማሚቶ ሠርቼ፣ በገዛ ማሚቶዬ ገደል ልገባ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ተጫዋች ስላችሁ... ጊታሩን አንገቴ ላይ አንጠለጥል ነበር ማለቴ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮ የፈረንጅ ጊታር ሰማሁ፤ ሰውዬው አንዴ ሲመታው አራቴ ይመልሳል! "በአንድ ጣት የአራት ሰው ሥራ!" አልኩና ልቤ ተሰቀለ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ደጅ ጠንቼ የወጣት ማኅበሩን አሮጌ ቴፕ ተረከብኩ።

"ከሠራ አብዮቱን አገለገልክ" አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው። "ካልሠራ ግን የሕዝብ ንብረት ያወደምክ አሻጥረኛ ነህ!"

ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚያድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ እንኳን አላወቃችሁ።

ቴፑን ታቅፌ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሀብቴ ዘንድ ሮጥኩ። ጋሽ ሀብቴ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከረሙ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ በላይ የሚያቀላጥፉት፣ ዓለም ላይ ላለ ብልሽት ሁሉ አንድ መልስ ያላቸው ሰው ነበሩ።

"ችግሩ ሄዱ ነው!"

ሄድ ማለት የካሴቱ ክር ሲያልፍ ድምፁን የሚያነብበው ትንሽዬ ብረት ነው። ቴፕ ቢያንቋርር "ሄዱ ነው!" ሬዲዮ ዝም ቢል... ሬዲዮ ሄድ የለውም እኮ... "ሄዱ ነው!"

ሁለተኛ ሄድ ጨመርንበት፤ አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ትንሽ ቆይቶ ያሰማል። ክሩን ቆርጠን እንደ ቀለበት ቀጠልነው። ከመብራት ማጥፊያ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ሠራን። ሞከርነው፤ ክሩን በላው። "ሄዱ ነው!" አሉና በአረቄ ጠረጉት። አንድ ጠብታ ለሄዱ፣ አንድ መለኪያ ለጋሽ ሀብቴ። እንደገና ስንሞክረው እንደተረገጠ ውሻ ጮኸ። "ሄዱ ነው!" ሌላ ጠብታ፣ ሌላ መለኪያ። በአራተኛው ጥገና ማሽኑም ጋሽ ሀብቴም አንድ ነገር ደጋግመው ማውራት ጀመሩ። ተሳካ!

ደስታዬ ልክ አጣ። ምን ዋጋ አለው... ልምምድ ላይ ሊቀመንበሩ ሰሙት።

"ይሄማ ለጊታር አይባክንም! የእኔ ድምፅ ይግባበት!"

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። የነቀምቴ ዙሪያ ገበሬዎች የበቆሎ አረማቸውን ጥለው ከማለዳ ጀምሮ ሜዳው ላይ በፀሐይ ሲጠበሱ አረፈዱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ላይ ወነጨፉ። ጋሽ ሀብቴ ማሽኑ ላይ አቀርቅረዋል፤ እኔም ፔዳሉን ረገጥኩ።

"ኢትዮጵያ ትቅደም!"

"...ቅደም... ደም... ደም... ደም..."

ወይ ጉዴ! በዚያ ዘመን፣ በድምፅ ማጉያ፣ "ደም ደም"! ላጠፋው ረገጥኩት፤ እምቢ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ተጣብቋል።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲንሳ፣ ጆሯቸውን አቀኑ። በኦሮምኛ "ዴሚ" ማለት "ሂድ" ማለት ነው። ኦቦ ዲንሳ ዱላቸውን ይዘው ብድግ!

"ዴሚ ጄዼ!" አሉ ለጎረቤታቸው። "ሂድ አለ!"

"እውነት?"

"እየደጋገመ! እኛ ከመንግሥት ማሽን እንበልጣለን?"

ይኸው ነው። እርግጠኛ ነኝ፣ ኦቦ ዲንሳ አማርኛውን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ጆሮ የወደደውን ይሰማል፤ ሜዳው ሁሉ ጋቢውን እያራገፈ "ዴሚ! ዴሚ!" እየተባባለ ወደ በቆሎው ነጎደ።

ሊቀመንበሩ እየተንደረደሩ መጡ። "ምንድነው ችግሩ?!"

ጋሽ ሀብቴ ከማሽኑ ቀና እንኳ አላሉም። "ችግሩ ሄዱ ነው።"

"መሄዳቸውንማ አየሁ! ለምን ሄዱ ነው የምልህ!"

"ቆሽሾ ነው።"

"ማን? ሰፊው ሕዝብ ነው የቆሸሸው?!"

"በአረቄ ብናጥበው ይመለሳል፣ ጓድ።"

"ሰፊውን ሕዝብ በአረቄ?!"

ሳቄ አመለጠኝ። በሳቅና በእስር መካከል ቆሜ፣ ነፍሴ ያቀበለችኝን ተናገርኩ። "ጓድ ሊቀመንበር... ለአውራጃው 'ሕዝቡ በመፈክሩ ተቀስቅሶ በነቂስ ወደ ልማት ተመመ' ተብሎ ሪፖርት ቢደረግስ?"

ባዶውን ሜዳ አዩት። እኔን አዩኝ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። "...ተመመ!" አሉ። "ጻፈው!"

እንዲህ ሆኜ ከአሻጥረኝነት ተረፍኩ፤ ሊቀመንበሩም ከአውራጃው ተመሰገኑ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኦቦ ዲንሳን ገበያ መካከል አገኘኋቸው።

"አካም ጅርታ ልጄ? ያ የሚናገረው ማሽን እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነው አባቴ፣ ጠገንነው!" አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

ፊታቸው ጨለመ።

"ዋዮ!" አሉ። "ማን ጠግኑ አላችሁ?"