የረሺዳ ሦስት ሺህ ጋላክሲዎች

ካርቱም ውስጥ የአሠሪዋን ሙያ ያልወረሰች የቤት ሠራተኛ የለችም። ለሐኪም የምትሠራው መድኃኒት ታዛለች፤ ኮሎኔል ቤት የምትሠራው ልጆቹን ሳታሰልፍ ምሳ አታቀርብም፤ ጠበቃ ቤት የምትሠራው «እከስሻለሁ» ሳትል ሰላምታ አትጨርስም። ከሁሉም የባሰችው ግን ሰማይ የሚያጠና ሰው ቤት የገባችው ናት። ለእሷ ምድር ላይ ያለ ጉዳይ ሁሉ ኢምንት ነው።

ክብርት ረሺዳ እንዲህ ያሉ ናቸው። የወሎ ሰው ሲሆኑ፣ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ፊዚክስ የሚያስተምር ዱክቱር ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። የአገራቸው ሴቶች ጁምዓ ጁምዓ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በጋራ በተከራዩት ክፍል ሲሰበሰቡ፣ እሳቸው የሳምንቱን የሰማይ ወሬ ይዘው ከች ይላሉ። ንግግራቸው የሚዘጋው «ተጠንቷል!» በሚል ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ከሴቶቹ አንዷ መዲና ወገቧን አሟት ስታቃስት፣ «አንቺ ወገብ ትያለሽ፣ እዚያ ጋላክሲ ከጋላክሲ ይላተማል! ተጠንቷል» አሏት። ከውሰር ከባሏ ተጣልታ ስታለቅስ ደግሞ፣ «ጋላክሲዎችም ተላትመው ነው አንድ የሚሆኑት፤ ታገሺ» ብለው መከሯት። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቀች። «ቢሊዮን» አሏት። ከውሰር በማግስቱ ፍቺ ጠየቀች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 አንድ ጁምዓ ግን ነገር ከረረ።

«ጠፈር ላይ ያለው ቴሌስኮፕ» አሉ ረሺዳ፣ «ምንም የሌለበት የሚመስል ጨለማ ላይ ዓይኑን ተክሎ አሥር ቀን አየ። ከሰማዩ በተዘረጋ እጅ የተያዘች የአሸዋ ቅንጣት የምትጋርዳት ቦታ ናት። ሦስት ሺህ ጋላክሲ ወጣባት! ተጠንቷል።»

«አሥር ቀን?» አለች መዲና። «እቴ፣ ካርቱም ውስጥ አሥር ቀን ያልተወለወለ ነገር ላይማ ሦስት ሺህ ነጥብ አነሰ! የዱክቱርሽ ጋላክሲ አቧራ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የረሺዳ ፊት ልውጥውጥ አለ። «ዱክቱሩ ቤት የተሰቀለውን ፎቶውን አመጣለሁ። አቧራ ሆኖ ከተገኘ፣ ወላሂ እዚህ ቤት ሁለተኛ ስለ ሰማይ ትንፍሽ አልልም!»

መዲና ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ይህን ዝምታ ስትመኝ ዓመታት አልፈዋል።

በሳምንቱ ረሺዳ ዱክቱሩን አስፈቅደው፣ በላስቲክ የተለበጠውን ትልቅ ፎቶ በቶባቸው፣ በሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ጠቅልለው በአውቶቡስ አመጡት። ግድግዳ አስደግፈው ገለጡት። ጥቁር ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነጥብ ተነስንሶበታል።

መዲና እርጥብ ጨርቋን ጨምቃ ተነሣች። አሥራ ሁለት ዓመት ሐቡብ ከሚሉት የአሸዋ ማዕበል ጋር የታገለች ሴት ናት። አንዷን ነጥብ አሸቻት፤ አልለቀቀችም። ተንፍሳባት ደገመች። በጥፍሯ ሞከረች። ከውሰር በደረቅ ጨርቅ ተተካች፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ፈተጉ። ጨርቆቹን ገልብጠው አዩዋቸው፤ ንጹሕ ናቸው። ክፍሉ የመዲናን አፍ ጠበቀ። መዋሸት ትችል ነበር፤ በሙያዋ ግን አትዋሽም።

«ወላሂ አቧራ አይደለም!» ብላ ጮኸች።

እልልታው ሲቀልጥ ጎረቤት ሠርግ መስሎት በአጥር አንገቱን አሰገገ። ረሺዳም በንግሥት ኩራት ጣታቸውን ቀሰሩ። «እነዚህ ትንንሾቹ፣ ቅርጻቸው የተንሻፈፈው፣ ልጅ ሳሉ የነበራቸው መልክ ነው። ብርሃናቸው ብዙ ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ ነው የደረሰን። ጋላክሲ እንዴት እንደሚያድግ በዚህ ታወቀ።»

«እንደ እህቴ ልጅ ፎቶ!» አለች መዲና። «ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ በሰው እጅ ዓመት ፈጅቶ ሲደርሰኝ ፎቶው ላይ ልጁ ይድሃል፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ሰፈሩን በሩጫ ያምሰዋል።»

«አገኘሽው!» አሉ ረሺዳ።

መዲና ፎቶው ላይ ተደፋች። በጣም ደቃቋን ነጥብ በጣቷ ነካች። «ከዚህችስ ወዲያ ምን አለ?»

ረሺዳ ወደ ነጥቧ ጎንበስ ብለው አዩ። «አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ዱክቱሩም አያውቅም። ሌላ ትልቅ ቴሌስኮፕ እየታሰበ ነው ብሎኛል።»

መዲና ይህችን «አላውቅም» የምትል ቃል ከእኒህ ሴት አፍ ብትሰማ በደስታ የምትሞት ይመስላት ነበር። የተሰማት ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ወደደቻቸው።

«ያላ በይ፣ ዱክቱሩን ጠይቂልኛ!» አለች እጃቸውን ጨብጣ። «ጁምዓ ደግሞ እንዳትቀሪብኝ።»