ፋኖስ የያዘውን ሽማግሌ የመለስነው እኛ ነን

ዛሬ ቄስ ወንድሜ ጎረቤታችንን የጌም ጆይስቲክ አሳለመ።

እሳቸውም ተሳለሙ።

ይሄ እንግዲህ የቀኑ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ገና ይመጣል፤ እሱ ላይ ደግሞ እኔም አለሁበት።

ግን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ከመሃል መጀመር አልወድም። አሁን ከመሃል የጀመርሁት ስለተረበሽሁ ነው።

ለአዲስ ተከታዮቼ፦ የምኖረው ጎንደር ነው፤ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንግሊዝኛ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ያሳፍረኛል።

አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ አያ ነው የምለው። ዛሬ መካነ ብርሃን አካባቢ የገጠር ደብር ቄስ ነው። ልጆች ሳለን ግን ሁለታችንም የአንድ ጌም ሱሰኞች ነበርን። ያ ካሴት የሚጎርሰው ዓይነት ጌም። የዘንድሮ ልጆች አታውቁትም፤ ካሴቱ የዘፈን ካሴት አይደለም፣ ሳሙና የሚያህል ፕላስቲክ ነው፣ ጌሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው። አልሠራም ካለ አውጥታችሁ እፍ ትሉበታላችሁ። እፍ ማለት ለምን እንደሚሠራ አይጠየቅም። ሁሉን ማስረዳት የምወደው እኔ እንኳ ይህን አላስረዳም።

ጌሙ ሰይፍ የያዘ አንድ ልጅ ነው። ጫካ ያቋርጣል፣ ዋሻ ይገባል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ በገደለ ቁጥር ይጠነክራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ግንብ ይደርሳል። ግንቡን ፋሲል ነበር የምንለው። የጎንደር ልጅ ግንብ አይቶ ሌላ ምን ሊለው ይችላል?

ችግሩ፣ ጌሙ በየመንገዱ በእንግሊዝኛ ያወራል። እኛ ያኔ እንግሊዝኛ አናነብም።

አያ ግን መላ ነበረው። አባታችን የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ፤ ልጃቸውን በቃል ነው ያስጠኑት። መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል፣ አንዲት ቃል ከሳተ እንደገና ከመጀመሪያው። አያም ጌሙን እንደዚያው አደረገው። እሱ እየሞተ፣ እየሞከረ መንገዱን ያገኛል፤ ያገኘውን ለእኔ በቃል ያስጠናኛል፦

«ከደጅ ውጣ፣ ወደ ቀኝ እለፍ፣ የደረቀውን ዛፍ ቁረጥ። ከዋሻው ግባ። ሽማግሌው ይለፈልፋል፤ ታች በል፣ ምታ፣ ውጣ። ገደሉን ዝለል።»

እንዲህ እያለ እስከ ፋሲል ደጃፍ። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አንዲት ቃል አልስትም። እንዲያውም ተማሪዎቼ ግሥ ሲያጠኑ የሚሉበት ዜማ ያንን የጌም መንገድ ያጠናሁበት ነው። እነሱ አያውቁም።

ከዚያ ፋሲል ውስጥ እንገባለን።

ስክሪኑ ይጠቁራል።

ድርግም። ሙዚቃው ይሰማል፤ ልጁ ሲሞትም ይሰማል። የሚታይ ነገር ግን የለም።

ቲቪው ነው ብለን ደመደምን። አያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ መልስ እሰጣለሁ።

«አሁንስ?»

«ጥቁር ነው!»

«ወደ አዘዞ ላዙረው?»

«ትንሽ ወደ አዘዞ!»

ልብ በሉ፣ ካሴት ነው። ከአንቴና ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። አያ ግን ለዚያ ግንብ ሲል ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ።

ከዚያ ለአብነት ትምህርት ወደ ገጠር ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ካሴቱንም የነካው የለም። እኔ ካደግሁ በኋላ የራሴን ማብራሪያ አገኘሁለት፦ ሠሪዎቹ ግንቡን ሳይጨርሱት ነው የሸጡት። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጼ ላይ በረዥሙ ማስረዳቴን ታስታውሳላችሁ። ሼር ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ይቅርታ። አጥፉት።

ወደ ዛሬ እንምጣ።

አያ ለደብሩ ጥላ ሊገዛ ከተማ መጥቶ እናታችን ቤት አደረ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ የሚሄደውን መኪና መያዝ አለበት። እኔ ደግሞ ጠዋት የእናቴን ቁም ሳጥን ሳስተካክል ጌሙን ከነካሴቱ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እናቴ የምትጥለው ዕቃ የለም።

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አያ የፋሲልን ውስጥ ሳያይ እንዳይሄድ። ለዚያ ሁሉ ዝናብ አንዴ እንኳ አይቶት ይሂድ። አዲሱ ቲቪ ጥሩ ነው፤ ምናልባት እሱ ላይ ይታይ ይሆናል ብዬ።

እፍ አልሁበት። ሠራ።

ሙዚቃው ሲጀምር አያ ጥምጣሙን አስተካከለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ድሮ ጌሙ ውስጥ ያስቀመጠው ባለ ሰይፉ ልጅ ግን ጠፍቷል። ካሴቱ ውስጥ የደረስንበትን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ነበረች፤ ሞታለች። ይህን በሰፊው አስረዳሁት። ጌሙ ከጠፋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ምክንያቱም ባትሪዋ ስትደክም…

«ገባኝ አልሁሽ» አለኝ።

መጀመሪያ ጆይስቲኩን አልነካም አለ። «ቄስ ነኝ እኮ፤ ሰው ቢያይ ምን ይላል?» ብሎ ጋቢውን ደርቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ጀመርሁ። ሞትሁ። እንደገና ሞትሁ። ጋቢው ትንሽ ቀረብ አለ።

«ምነው፣ አያያዝሽ እኮ ሸጋ አይደለም። እስቲ አምጪው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያግኘው? እሱ ይጫወታል፣ እኔ በቃል እላለሁ። ከደጅ ውጣ። ወደ ቀኝ እለፍ። የደረቀውን ዛፍ ቁረጥ። ከዋሻው ግባ።

እትዬ ጥሩዬ የገቡት ያኔ ነው። ከግቢያችን ማዶ ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ጎረቤታችን ናቸው።

«አባ፣ መጥተዋል ሲሉኝ ልሳለም ብዬ ነው» አሉና ጎንበስ አሉ።

የአያ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ቀኝ እጁ ብቻ በልማድ ተዘረጋ። ቀኝ እጁ ላይ የነበረው ግን መስቀሉ አልነበረም።

ግንባራቸውን አስነኩ፣ በከንፈራቸው ተሳለሙ። በሥርዓቱ። ቀና ብለው፣ «አዲስ ነው እንዴ፣ አባ?» አሉ።

አያ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ወርውሮ ከኪሱ መስቀሉን አወጣና ሁሉንም ከመጀመሪያው አሳለመ። የሳተ እንደገና ነው፤ ተምሮታል። እትዬ ጥሩዬ ሊሄዱ አልፈለጉም። ወንበር ስበው ቲቪውን ማየት ጀመሩ።

እኔ ጆይስቲኩን አነሣሁ። ሽማግሌው እየለፈለፈ ነው። ጣቴ ታች ሊል ነው።

አነበብሁት።

ሆን ብዬ አይደለም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ፊት ጽሑፍ ካስቀመጣችሁ ዓይኗ በራሱ ስህተት ሊፈልግ ይሄዳል። ስህተት አልነበረውም። የሚለው ይህን ነበር፦

«ልጄ፣ የግንቡ ውስጥ ጨለማ ነው። እኔ ፋኖስ አለኝ። ልከተልህ?»

ከላይ እሺ። ከታች አይሆንም።

እንደገና አነበብሁት፣ ስክሪኑ ድረስ ሄጄ በጣቴ እየተከተልሁ።

«ምነው ቆምሽ? ታች ነው እኮ» አለ አያ።

«አያ፣ ፋኖስ አለኝ እያለ ነው።»

«ማን?»

«ሽማግሌው። ግንቡ ጨለማ ነው፣ ፋኖስ ይዤ ልከተልህ ነው የሚለው።»

ትንሽ አሰበ። «እኛ ታች ስንል ምን ማለታችን ነው?»

«አይሆንም ማለታችን ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ፣ አያ።»

እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ሽማግሌ መለሳችሁ?»

ለሌላ ሰው ይሄ ሳቅ ነው። አያ ግን እዚያ ገጠር ዋና ሥራው የተጣሉ ማስታረቅ ነው። ትናንት ራት ላይ፣ በእርሻ ድንበር የተጋጩ ወንድማማቾችን ነገር ሲያጫውተን ነበር። አንደኛው ደጁ ድረስ የመጡትን ሽማግሌዎች መልሷቸው፣ አያ እንዴት እንደገሠጸው። «ሰው የሚባለውን ሳይሰማ እንዴት እምቢ ይላል?» ብሎ ነበር፣ እጁ እንጀራው ላይ እንዳለ።

አሁን ቀና ብሎ አላየኝም።

«እሺ በይው» አለ።

ላይ አልሁ፣ መታሁ። ሽማግሌው ፋኖሱን አንሥቶ ተነሣ። መነሣት መቻሉን እንኳ አናውቅም ነበር።

አሁን ደስ ሊለን ይገባ ነበር፣ አይደል? ተሳሳትን፣ አነበብን፣ አስተካከልን። እኔ ብሆን ለተማሪዎቼ እዚህ ላይ አበቃ እል ነበር።

ጌሙ ግን አላበቃም። «ገደሉን ዝለል» ይላል ቃላችን። ልጁ ዘለለ። ሽማግሌው ማዶ ቀረ፤ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያየናል። አይዘልማ።

ተመልሰን ዘለልን። ገደሉን የሚዞር ሌላ መንገድ ፈለግን፤ አይተነው የማናውቀው ጫካ ውስጥ ገባን። የአቅጣጫ ምልክት ባገኘሁ ቁጥር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ወደ ቀኝ «ጫካ» ይላል። ወደ ግራ «ጫካ» ይላል። አንዱ ላይ ተስፋ አድርጌ ሮጥሁ፤ እሱም «ጫካ» ይላል። እንግሊዝኛዬ ፍጹም ነበር፤ ምንም አልጠቀመም።

«ቀስ በይ፣ ሰውዬው ቀርቷል» ይላል አያ።

«ምርኩዝ እንኳ አልሰጡትም» ይላሉ እትዬ ጥሩዬ።

«ከዚህ በኋላ ምን ይላል?»

«አይልም፣ አያ።»

«እንዴት አይልም?»

«በዚህ ሄደን አናውቅማ።»

አያ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሉን ከመጀመሪያው እያለ የሚቀጥለውን ሲፈልግ አየሁት። አልነበረም። እሱ ያላስጠናኝ ቦታ ላይ ሁለታችንም ስንቆም ይህ የመጀመሪያችን ነው። ልሳቅ ልዘን፣ እስካሁን አልገባኝም።

እናቴ ከበሩ ላይ «መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው» አለች። ጥላውን አንሥቶ ወጣ። ደፉ ላይ ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ።

ፋሲልን ሳያይ ሄደ።

ደባርቅ ሲደርስ ደወለ። እኔ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፦ ልጆች ነበርን፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የቃል ጥናት ጥቅምና ጉዳት አለው። አልጠየቀኝም።

«ሽማግሌው አለ?»

«አለ። ጫካው ውስጥ ቆመናል።»

«ብታጠፊው ወዴት ይመለሳል?»

«ወደ ዋሻው። ባትሪዋ…»

«ባትሪዋ ገብታኛለች። እንግዲያ አታጥፊው።» ቀጥሎም፣ «የጥላው ዘርፍ ጎድሏል፤ በዚህ ሰሞን መመለሴ አይቀርም» አለ።

የጥላው ዘርፍ አልጎደለም። አብረን ነው ዘርግተን ያየነው።

ስለዚህ ቲቪው እንደበራ ነው። እናቴ ድራማዋ አመለጣት። አሁን ሽማግሌውን እያየች፣ «ይሄ ሰውዬ ቆሞ ሊያድር ነው? ምነው አታስቀምጡትም?» አለችኝ። መቀመጥ የማይችልበትን ምክንያት ከሥር መሠረቱ አስረዳኋት። ጨርሼ ሳበቃ፣ «ታዲያ አንቺ እንግሊዝኛ የተማርሽው ለምን ነበር?» አለችኝ።

ነገ ሰባተኛ ክፍልን እፈትናለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ሰሌዳው ፊት ቆሜ «መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ» እላለሁ፣ በዚያው ዜማ።

መብራት እንዳይጠፋ ጸልዩልኝ። ከጫካው የሚያስወጣውን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ፦ ያወቃችሁት አንብባችሁ ነው ወይስ ታላቅ ወንድማችሁ አስጠንቷችሁ?