ወይዘሮ ኬትለር ልጅ ሲቆጥሩ

ተማሪ ይዞ መንገድ የሚወጣ መምህር በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልጅ የጠፋበትና ልጅ ይጠፋብኛል ብሎ እንቅልፍ ያጣ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ መምህርት፣ ክብርት ወይዘሮ ሮስቪታ ኬትለር፣ የሁለተኛው ወገን ሊቀመንበር ናቸው። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር" የተባለው ለእሳቸው ነው።

በየዓመቱ የአሥረኛ ክፍል ልጆች የሁለተኛውን የዓለም ጦርነትና የማግስቱን ዘመን ታሪክ በቦታው ሊያዩ ለሦስት ቀን ከጀርመኗ ከተማችን ከኦልደንቡርግ በአውቶቡስ ይወጣሉ። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ረዳታቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር አለው። ወይዘሮ ኬትለር እጃቸውን ሲያነሡ ልጆቹ በየተራ ቁጥራቸውን ይጮኻሉ፤ እሳቸውም አብረው ይቆጥራሉ፤ ሃያ ስድስት ሲባል ይተነፍሳሉ። አውቶቡሱ ሳይነሣ ይቆጠራል። ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆጠራል። በበርሊን ግንብ ፊት በተነሣነው ፎቶ ላይ እንኳ አፋቸው እንደተከፈተ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሰው ነበር።

"ወይዘሮ ኬትለር፣ አሁን እኮ ተቆጠርን! ከሚሄድ አውቶቡስ ማን ይዘላል?" አላቸው ዬሌ፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

"በአሁንና በአሁን መካከል ልጅ ይጠፋል፣ ልጄ!"

ይህቺን አባባላቸውን መምህራን ክፍል ውስጥ እያስመሰልኩ ባልደረቦቼን በሳቅ የማፈርሰው እኔው ነኝ።

ዘንድሮ በሁለተኛው ቀን የቀድሞ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ደረስን። አደባባዩ ሰፊና ባዶ ነው፤ ንፋሱ ይጋረፋል። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስረኞቹን ጠዋትና ማታ የሚቆጥሯቸው እዚህ ነበር። አንድ ሰው ከጎደለ ሁሉም በብርድ ለሰዓታት ይቆማሉ። ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበሩ" አለን።

ልንሄድ ስንል አንድ ልጅ የጎደለ መሰለኝ። ወይዘሮ ኬትለርም ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። በልማድ እጃቸውን አነሡ። ልጆቹ ተያዩ፤ ማንም አልጮኸም። እጃቸው ትንሽ ቆይቶ ወረደ።

"እዚህስ አይሆንም" አሉ። "እዚህ ማንንም አልቆጥርም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኩ። ከካምፑ ጀርባ ጫካ ነው፤ ቀኑም እየመሸ ነው።

የስም ዝርዝሩ አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል። ወይዘሮ ኬትለር ልጆቹን በቃላቸው መጥራት ጀመሩ፣ ከነቤተሰብ ስማቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ።

"ዬሌ ሃርምስ።"

"አለሁ።"

"ኤስራ ዴሚርታስ።"

"አለሁ፣ ወይዘሮ ኬትለር።"

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። "ቪብከ ታምሰን።" ልጆቹ ዞር ዞር አሉ። "ቪብከ ታምሰን!" ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ለእናቷ ምን ብዬ እንደምደውል ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"አለሁ!" አለች ቪብከ ከካምፑ የኤግዚቢሽን ቤት እየሮጠች። "የሟቾቹ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ጋ ነበርኩ። ማንበብ ጀመርኩና መሃል ላይ ማቆም ከበደኝ፤ ይቅርታ።"

አልተቆጧትም። የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ዘጉላትና ወደቀሩት ስሞች ተመለሱ።

ሲያልቅ እኔ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ጀመርኩ።

"ሄኒንግ ፎስ" አሉ ከኋላዬ።

ዞር አልኩ። አልቀለዱም፤ መልስ እየጠበቁ ነው። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ ስሜን እንዲህ ተጨንቆ የጠራኝ ካለ እናቴ ብቻ ናት።

"አለሁ፣ ወይዘሮ ኬትለር" አልኩ።