የኒንጃ ጉዳዮች ክፍል እና የአቶ ኦኩዳ ፍጁል

የከተማችን ምክር ቤት ከተማችን የኒንጃ፣ ማለትም የጥንቱ የጃፓን ስውር ሰላይ፣ መፍለቂያ መሆኗን በአሥራ አንድ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካጸደቀ ወዲህ ታሪካችን እንከን አልነበረበትም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት አባልም ቢሆኑ ተቃውመው ሳይሆን እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።

ይህንን የጸደቀ ታሪክ ወደ መሬት ለማውረድ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የኒንጃ ጉዳዮች ክፍል ተቋቋመ። እኔ በዚህ ክፍል ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ዘወትር ዓርብ ከእግራችን እስከ ዐይናችን ሥር ጥቁር ለብሰን ባለጉዳይ እናስተናግዳለን። ኃላፊያችን አቶ ኩዋባራ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ባለ ራእይ ናቸው፤ ቦርጫቸው ግን በጥቁሩ ልብስ ውስጥ ለመሰወር አንድም ቀን ፈቃደኛ ሆኖ አያውቅም። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን የነሐስ ሐውልት ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሐውልቱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረው ጀግናችን ሃቺዬሞን ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል ያሳያል።

ነገሩ የተበላሸው ከንቲባው ከተማዋን በአገር ቅርስነት ለማስመዝገብ ሲነሡ ነው። ማመልከቻው ላይ "በታሪክ ባለሙያ የተረጋገጠ" የሚል መስመር ነበረ። ባዶ መስመር ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ስለሆነ፣ ሚኖቤ የምትባል ወጣት የታሪክ መምህርት በአንድ ዓመት ውል ተቀጠረች። የተቀጠረችው ልትፈርም ነበር፤ እሷ ግን ማንበብ ጀመረች። ሰባት ወር ሙሉ በከተማዋ አሮጌ ቤተ መቅደስ ዕቃ ቤት ውስጥ ብል ከበላው ወረቀት ጋር ስትታገል ቆይታ፣ ግኝቷን ለሥራ አመራሩ አቀረበች።

ጥቁሩ ልብስ ከቴአትር ቤት የመጣ ነው አለች። መድረክ ላይ ዕቃ የሚያነሡና የሚያስቀምጡ ሠራተኞች ጥቁር ይለብሱ ነበር፤ ተመልካቹም እንዳላያቸው ሆኖ ያልፋቸዋል። የማይታይ ገዳይ ያስፈለገው ቴአትረኛ ያንኑ ልብስ አለበሰው፤ ሠዓሊዎቹም ከዚያ ቀዱ። በውሃ ላይ መራመዱ፣ በጭስ መጥፋቱ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስለት ውርወራው፣ አብዛኛው በኋላ የተጨመረ ነው። እውነተኞቹ ሰላዮች ጨው ነጋዴ፣ መነኩሴ ወይም ገበሬ መስለው ጠላት ሰፈር ይገቡና ፈረስ ይቆጥራሉ፣ ወሬ ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴ እሳት ይለኩሳሉ። ሙያቸው ማንም እንዳያስታውሳቸው መሆን ነበር።

ከንቲባው ተስፋ ባልቆረጠ ድምፅ ጠየቁ።

"መምህርት፣ ታዲያ ጥቁሩን ልብስ የሚለብሱት መቼ መቼ ነበር?"

"አይለብሱም ነበር፣ ክቡር ከንቲባ።"

"በበዓል ቀንስ?"

"በበዓልም።"

"ሃቺዬሞን ግን መቼም ይዘላሉ።"

"ከእሳቸው ሦስት ደብዳቤ ነው የተገኘው። በሁለተኛው ወገቤን አሞኝ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ይላሉ።"

ሌላ ኃላፊ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አቶ ኩዋባራ ግን እንደ ወትሯቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ነበርና፣ ሲገልጡት አቅጣጫ አስቀመጡ። ኒንጃ ከገበሬ የማይለይ ከነበረ፣ ከገበሬ የማይለይ ሁሉ ኒንጃ ነው። መምህርቷ እንዲህ አልወጣኝም ብላ ለሩብ ሰዓት ተከራከረች። ቃለ ጉባኤው "መምህርቷ ሐሳቡን አዳብረዋል" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በወሩ አዲስ በራሪ ወረቀት ወጣ። እውነተኛ ኒንጃ ተራ ሰው እንደሚመስል፣ ኒንጃ መሆኑንም ፈጽሞ እንደማያምን ያስረዳል። ከፊት ገጹ የሰማንያ አንድ ዓመቱ የአቶ ኦኩዳ ፎቶ አለ፤ ሽማግሌው ፍጁል ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። የተመረጡበት ምክንያት ጥልቅ ነው፤ ማሳቸው ለአውቶቡስ ማቆሚያው ቅርብ ነው።

ጎብኚ እንደ ጉድ ጎረፈ። አቶ ኦኩዳ አረም ሲነቅሉ ፎቶ ይነሣሉ፣ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ፎቶ ይነሣሉ፤ እስቲ ይሰወሩልን የሚላቸውም አልጠፋ። አንድ ጠዋት ጭቃ ጫማቸውን እንደተጫሙ ቢሯችን ገቡ።

"ኩዋባራ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነበሩ። እኔ ፍጁል ነው የምተክለው። ለሰዎቹ ንገራቸው።"

"ነግረናቸዋል እኮ አባት። ኒንጃ አይደለሁም እንደሚሉ በትልቁ ጽፈናል።"

ሽማግሌው የጭቃ ዱካቸውን ወለሉ ላይ ትተው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መደብ ፍጁል ተረግጦ ከጭቃ ጋር ተደባለቀ። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ከዚያ ማሳ ሌላ መዋያ አልነበራቸውም፤ አሁን መስኮታቸውን ዘግተው ቤት ተቀመጡ። ያሉበትን እንዳጣራ ተልኬ ሄጄ፣ በተዘጋው መስኮት በኩል ሲያስሉ ሰማሁ። አፍሬ ተመለስኩ። ሪፖርቱ ላይ ግን "ተሰውረዋል" ብዬ ጻፍኩ፤ የጎብኚው ቁጥርም እጥፍ ሆነ።

መምህርቷ የአቶ ኦኩዳ ቤተሰብ ሰላይ እንደነበረ አንድም ማስረጃ የለም ብላ ማስተካከያ ጻፈች። ክፍላችን ማስረጃ አለመተው የሙያው ብቃት መገለጫ መሆኑን ጠቅሶ በምስጋና መለሰላት። ከዚያ በኋላ መጻፍ ተወች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ሽማግሌው ቤት እየሄደች የተረገጠውን መደብ አብራቸው ማቅናት ጀመረች። ምን ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም።

የቅርስ ኮሚቴው ሦስት አባላት ከዋና ከተማው መጡ። አቶ ኩዋባራ በቀጥታ ወደ ማሳው መሯቸው። ሽማግሌው መደቡ ዳር ተቀምጠዋል፤ መምህርቷ አጠገባቸው ናት። ሰብሳቢዋ በአክብሮት ዝቅ ብለው እጅ ነሡና እርስዎ ኒንጃ ነዎት ወይ አሏቸው።

"አዎ፣ ነኝ" አሉ አቶ ኦኩዳ።

አቶ ኩዋባራ ትን አላቸው።

"አባቴም ነበሩ። ከፈለጋችሁ እዘልላችኋለሁ፤ ደግፋችሁ አንሡኝ እንጂ።"

ሰብሳቢዋ በራሪ ወረቀታችንን ገለጡ። "እዚህ ላይ እውነተኛ ኒንጃ ፈጽሞ አያምንም ይላል።"

"እያስመሰሉ ነው" አሉ አቶ ኩዋባራ።

"ማንን?"

"ኒንጃን።"

"የሚያስመስሉ ከሆነማ አይደሉም ማለት ነው" አሉ ሰብሳቢዋ፣ እስክሪብቷቸውንም ከደኑ። መምህርቷ ቀና ብላ አላየችም፤ ፍጁል እየኮተኮተች ነበር።

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ማሳው ጭር አለ፤ አቶ ኦኩዳም የተረፈውን ፍጁል በሰላም ነቀሉ። የመምህርቷ ውል አልታደሰም። ጥናቷን አቶ ኩዋባራ "ምስጢር" የሚል ማኅተም መትተው ብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። በወሩ ሌላ በራሪ ወረቀት ወጣ፦ በከተማችን ማንም ያላነበበው የኒንጃ ምስጢራዊ ሰነድ ይገኛል።

አሁን ሕዝቡ ሣጥኑን ሊያይ ይሰለፋል። ዓርብ ዓርብ ጥቁር ለብሼ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባለፈው አንዲት ጎብኚ ውስጡ ምን ይላል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ እንጀራዬንም እየፈራሁ፣ እውነቱን ነገርኳት፤ እኔ የለበስኩትን ልብስ አንድም ሰላይ ለብሶት አያውቅም ነው የሚለው አልኳት።

በሐዘኔታ አየችኝ። "ይገባኛል፣ መናገር አይፈቀድልዎትም" አለችና ፎቶ አነሣችኝ።