ባዶ ውሃ የሚጎበኙት ጎረቤት

ሁሉን የሚያውቅ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። ቧንቧ ያልደረሰው ሰፈር አለ፤ መብራት ያልገባለትም አለ። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ግን ማንም ሳያመለክት፣ ማንም ሳይፈርምለት፣ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ደርሷል። ደመወዝ የለውም፤ ሥልጣኑን የሚቀማው አይገኝም፤ ከሌላው ሥራው ጡረታ ቢወጣ እንኳ ከዚህኛው አይወጣም።

ቡሬ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህን ድርሻ የያዙት ክቡር አቶ አለበል ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በወምበርማ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ወጥተው ቡሬ ሲገቡ የወምበርማ ገበሬ ያረፈውን ያህል የቡሬ ሰው ሥራ በዛበት። ሁልጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፦ «ነገሩስ ቀላል ነው።» ባጃጅ ቆሞ ሾፌሩ ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ «ነገሩስ ቀላል ነው» ብለው ይጠጋሉ፤ ባጃጁም ከዚያ ወደ ጋራዥ የሚሄደው ተገፍቶ ነው። የጎረቤታቸው የአስካለ ማርያም ላም መውለድ ያቃታት ቀን «ነገሩስ ቀላል ነው» ብለው ማስረዳት ጀመሩ፤ ላሟ ንግግራቸው ሳያልቅ ወለደች፤ ውለታው በእሳቸው ስም ተመዘገበ። አንድ ጊዜ መሪጌታ ቴዎፍሎስን ሳይቀር በባሕረ ሐሳብ ቁጥር አርመዋቸዋል። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እርስዎ ካሉማ እንነግረዋለን አቶ አለበል፤ ጾሙ ቀኑን ይቀይር ይሆናል» አሏቸው። አቶ አለበል ይህን የቆጠሩት እንደ ምስጋና ነው።

ዮርዳኖስ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ሳትለካ የማትናገር ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ፣ በአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን አየች። ውስጡ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ነበሩ። ባሕር አይታ አታውቅም። የሥልጠናውን የመጀመሪያ ሰዓት እዚያው ፊት ለፊታቸው ቆማ አሳለፈችው። ቡሬ ስትመለስ ማንንም ሳታማክር ወሰነች። ከአቶ አለበል ጋር ግድግዳ እየተጋሩ ማንንም ሳያማክሩ መወሰን ይቻላል፤ ሳይመከሩ መቆየት ግን አይቻልም።

ሣጥኑ ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል። በነሐሴ ከጣሪያዋ የወረደውን ዝናብ አጥልላ ሞላችው። ጨዉን፣ ማለትም ለወጥ የሚሆነውን ሳይሆን ለባሕር ዓሣ የተቀመመውን፣ ወንድሟ ምስክር ከአዲስ አበባ ላከላት። ድንጋዮቹን ደረደረች፤ ማሞቂያውንና ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ሰካች፤ መብራቱን አበራች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አቶ አለበል በአስር ሰዓት መጡ።

«ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው ጋሼ። ሁለት ወር ያህል ይፈጃል።»

«ሁለት ወር! በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«የሚዘገየው ዓሣው አይደለም፤ ውሃው ነው።»

«ውሃውማ ይኸው።»

ዮርዳኖስ አስረዳቻቸው። ከዓሣ የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣውን ይገድለዋል። ድንጋዩ ላይ የሚባዙ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ግን አሞኒያውን በልተው ናይትራይት ያደርጉታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ እሱን ይበሉና ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ፍጥረታት አስቀድመው ካልበዙ ዓሦቹ በገዛ ቤታቸው ተመርዘው ያልቃሉ። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ አሞኒያ በጠብታ ለክታ ትመግባቸዋለች፤ ውሃውን በቀለም ትመረምራለች፤ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ያን ጊዜ ዓሣ ይገባል።

አቶ አለበል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሲያወልቁ ታይተው አያውቁም።

«ይህ'ኮ አፈር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዴት ጋሼ?»

«ዩሪያ ማሳ ላይ ስትበትኚ ምን ይሆናል? አሞኒያ። አሞኒያውስ? ዞሮ ዞሮ ናይትሬት። ማነው የሚለውጠው? እነዚሁ ናቸው! ሠላሳ አንድ ዓመት ለገበሬው ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። ማዳበሪያውን ወሰዱ፤ ወሬውን ግን አንድም ሰው አላመነኝም። አይታይማ!»

ዮርዳኖስ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ የሚታረም አጣች። ትክክል ነበሩ። ሁሉን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር በእውነት ሲያውቅ ከማየት የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በአስር ሰዓት እየመጡ ባዶውን ውሃ ይጎበኙ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እንግዳ ማስከተል አመጡ። አስካለ ማርያም ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ማሞቂያውን እያመለከተች «እነዚህ ድንጋዮች እስኪበስሉ ስንት ሰዓት ይፈጃሉ?» ስትል ጠየቀች። አንዲት የማያውቋት ሴት ደግሞ ለልጇ እከክ የሚሆን ውሃ ፈልጋ ጀሪካን ይዛ መጣች። አቶ አለበል በሩ ላይ ተቀበሏት።

«ይህ ጠበል አይደለም እህቴ፤ ናይትሮጅን ነው።»

«እሱስ ምን ያድናል?»

«ዓሣ።»

መስከረም ሲጠባ ዮርዳኖስ የቤቷን ቁልፍ ሰጠቻቸው። መብራት ቀን ቀን ይጠፋል፤ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት ከቆመ ፍጥረታቱ አየር አጥተው ያልቃሉ። እሷ ሥራ ላይ ስትሆን የሞተሩን ገመድ ነቅሎ መጠባበቂያ ባትሪ ላይ የሚሰካ ሰው ያስፈልጋል። አቶ አለበል ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት። አንድም ቀን አላጓደሉም።

በስድስተኛው ሳምንት ምስክር ደወለ። የባሕር ዓሣ የሚሸጠው ሱቅ ሊዘጋ ነው፤ የቀሩት ሁለት ዓሦች ብቻ ናቸው። ወደ ቡሬ የሚመጣ የሚያውቀው ሰው መኪና አግኝቷል፤ በዚህ መንገድ ደግሞ ሰሞኑን መኪና እንደ ልብ አይገኝም። መኪናው የሚነሣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ዕለት «ይምጡ» ወይም «ይቅሩ» ማለት አለባት። ይህ ካመለጣት ሌላ ዓሣም ሌላ መኪናም የለም። መርዝ ወዳለበት ውሃ ደግሞ ዓሣ አስገብታ ሲሞት ለማየት አልተዘጋጀችም።

አቶ አለበል ይህን ሲሰሙ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። «ርቦታል» አሉ። «የተራበ ማሳ እንዲህ ነው የሚዘገየው። ትንሽ ዩሪያ ብናሳየውስ?»

«እንዳያስቡት ጋሼ። የምመግበው ለክቼ ነው።»

«ለክተሽ...» አሉ አቶ አለበል፣ ለተራበ ሰው ሩብ እንጀራ ሲቀርብለት እንዳየ ሰው።

በማግሥቱ ቀን መብራት ጠፋ። ዮርዳኖስ ሥራ ላይ ነበረች።

ከሦስት ቀን በኋላ ውሃውን ስትመረምር ወደ ቢጫ መሄድ የነበረበት ብልቃጥ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። አሞኒያ፣ ያውም ቀለሙ በሚመሳከርበት ካርድ ላይ ካለው የመጨረሻ ቀለም በላይ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። የሞተ ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣች፤ አሸተተች፤ ምንም የለም። ጠረጴዛው ሥር ስታጎነብስ አንዲት ነጭ፣ ድቡልቡል ፍሬ አገኘች። ጎጃም ያደገ ሰው ዩሪያን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ የአቶ አለበልን በር አንኳኳች። የምትለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅታለች፤ መንገዱ ግን አሥር እርምጃ ስለሆነ ያዘጋጀችው አጭር ነበር። እሳቸው በሩን ከፍተው መዳፏን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?»

አቶ አለበል ፍሬዋን ተመለከቷት። በሕይወታቸው ስፍር ቁጥር የሌለው ኩንታል ያሠራጯት ነገር ናት።

«አላውቅም» አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምታው አታውቅም። ሰፈሩም፣ ወረዳውም ሰምቶት አያውቅም። ዮርዳኖስ ያዘጋጀችው ንግግር ከጭንቅላቷ ጠፋ፤ እጇን ጨብጣ ተመለሰች። ሲመሻሽ አስካለ ማርያም ቁልፉን ከነክሩ አመጣችላት። «ስጪልኝ ብለውኝ ነው። ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቅ ዝም። አመማቸው እንዴ?»

ዮርዳኖስ የውሃውን ግማሽ ቀድታ ደፋች፤ በቀራት የመጨረሻ ጨው አዲስ ውሃ በጥብጣ ሞላች። አረንጓዴው ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ሌላ ጨው የላትም። ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ያሉት ፍጥረታት የመጣባቸውን ሁሉ ይበላሉ፤ ወይም በዝቶባቸው ያልቃሉ።

አቶ አለበል ከዚያ በኋላ አልመጡም። መቅረታቸው ብቻ አይደለም፤ ዝም አሉ። በራቸው ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን ከፍቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ማንም አልወጣም። በዕድሩ ቀን ድንኳኑ ተንጋዶ ተተከለ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እሳቸው ጫማቸውን አዩ። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ራሳቸው ጠጋ ብለው «የዘንድሮ ቁጥራችን እንዴት ነው አቶ አለበል?» ቢሏቸው «እርስዎ ያውቃሉ» ሲሉ መለሱ። መሪጌታ ያን ቀን ሐሳብ ገብቷቸው ቤታቸው ሄዱ፤ ስሌታቸውንም እንደገና ሠሩት ይባላል።

«ምን ብትያቸው ነው?» አለች አስካለ ማርያም። «ሰፈሩ'ኮ ጭር አለ። ትናንት ላሜን ሐኪም ሲወጋት አጠገቤ ቆመው አንድ ቃል አልተናገሩም። ላሟ ራሷ ዞራ አየቻቸው።»

«ምንም አላልኋቸውም» አለች ዮርዳኖስ። እውነቷን ነበር።

በአስር ሰዓት ወንበሯን ስባ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠች። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፤ መብራቱ በርቷል። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ውሃ መሰላት። እነዚያ የማይታዩ ፍጥረታት እዚያ እንዳሉ እርግጠኛ ሆኖ የሚምልላቸው ሰው፣ ለካ፣ እሷ ብቻ አልነበረችም።

ሰኞ አረንጓዴው ወደ ቢጫ አደላ። ማክሰኞ አሞኒያው ጠፋ፤ ናይትራይቱ ጥቂት ቀረ። ዮርዳኖስ ለፈተና ብላ የተለመደውን ጠብታ ጨመረች። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም ለካች። ዜሮ። እንደገና ለካች። ዜሮ። ፍጥረታቱ ያን ሁሉ ዩሪያ በልተው ጨርሰው፣ በአንድ ሌሊት ተጨማሪውንም ጠርገውታል።

ለክታ የምትናገር ሴት ስለሆነች ራሷን ጠየቀች። አቶ አለበል ሊያበላሹባት ነበር? ወይስ ረድተዋታል? ይህን ለማወቅ አቶ አለበል ያልገቡበት ሌላ ሣጥን ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሣጥን ደግሞ ቡሬ ውስጥ አይገኝም። ለምስክር ደውላ «ይምጡ» አለችው። ከዚያ ቁልፉንና የመለኪያ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

በሩ ፊት ትንሽ ቆመች። ዋጋውን ታውቀዋለች። ይህን ከነገረቻቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያወሩታል። በዕድር ያወሩታል፤ በሠርግ ያወሩታል፤ የቡሬን ባሕር ያስጀመረው የእሳቸው ዩሪያ እንደሆነ ባጃጅ ለቆመበት ሰው ሁሉ ሳይጠየቁ ያስረዳሉ። እሷም አጠገባቸው ቆማ፣ እውነት አይደለም ማለት የማትችል ብቸኛዋ እማኝ ትሆናለች። አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ውሃው ደርሷል። ዓሦቹ ነገ ይነሣሉ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉ አቶ አለበል።

ቁልፉን ከነክሩ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። «አንድ የጎደለኝ ቁጥር አለ። ቀኑ ተጽፏል፤ መጠኑ ባዶ ነው። ስንት ነበር?»

አቶ አለበል ቁልፉን አዩ። ደብተሩን አዩ፤ ቀን በቀን በተጻፉት ቁጥሮች መካከል ክፍት የተተወላቸውን አንዲት ቦታ አዩ። በመንገዱ ላይ ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ ተመለከቱ።

«የሻይ ማንኪያ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ።»

ዮርዳኖስ ጻፈች። ብዕሯን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

አቶ አለበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከመረ» አሉ።