ሸሻይ ሞላ ያስቀየረ ሰሞን

ሸሻይ፦ የወልዲያ ነጋዴ፣ የአሮጌ ስቴሽን መኪና ባለቤት። የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህንንም ራሱ ይናገራል።
አሚር፦ የመርሳ ማንጎ ነጋዴ፣ የሸሻይ ወዳጅ። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል።

(ግራና፣ ረፋድ ላይ። ከሼህ አብዱልሐሊም ቤት አጥር ውጭ አንዲት አሮጌ ስቴሽን መኪና በትልልቅ አዳዲስ ጎማዎች ላይ ተኮፍሳ ቆማለች። ሸሻይ ጎማዋን በጨርቅ ይወለውላል። አሚር ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍኖ ተኝቷል።)

አሚር፦ (ከሸራው ሥር) እኔ የምልህ፣ ይቺ መኪና ድሮም እንዲህ ትዘል ነበር?

ሸሻይ፦ ዘለለች አይባልም። ለመንገዱ መልስ ሰጠች ነው የሚባለው።

አሚር፦ መልሱ ያረፈው ወገቤ ላይ ነው።

ሸሻይ፦ ወገብህ ጥፋቱ የራሱ ነው። መኪናዋ ምን ጎደላት? አራቱንም ሞላ አስቀየርኩ፣ አራቱንም ሾክ አስቀየርኩ። ለፒካፕ የተሠራ ነው፣ ጭነት የለመደ! ጎማውንም ትልቅ አደረግሁት። ይኸው አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ድሮ ድንጋዩ ሁሉ ሆዷን ይቧጥጣት ነበር፤ አሁን ዶሮ ቀና ብላ ከሥሯ ታልፋለች።

አሚር፦ ዶሮዋማ ተመቻት። ላይ ያለነው ነን እንጂ።

ሸሻይ፦ ቀስ ብለህ አውራ! ሽማግሌ የላከ ሰው፣ ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ልጅቱ ደጅ ድረስ ሲመጣ የት ታይቷል? ሼህ አብዱልሐሊም ቢያዩህ "ይሄስ ዓይነ ደረቅ ነው" ብለው ልጃቸውን ሉብናን ለዚያ ለሐራ ከተማው ልጅ ነው የሚሰጧት።

አሚር፦ ሳያዩኝ ቀርተው፣ ግን ዛሬ መልስ ባይሰጡስ?

ሸሻይ፦ ያው ነው። የሐራው ልጅ ሽማግሌዎች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። ያንተዎቹ ባለፈው ወር መጥተው ያለ መልስ ተመለሱ። ዛሬም እንዲሁ ከተመለሱ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የምትልክበት ፊት የለህም።

አሚር፦ እንግዲያ ሁሉም ነገር ዛሬ ነው።

ሸሻይ፦ ዛሬ ነው! ለዚህ እኮ ነው ሽማግሌዎችህን፣ ጋሽ ወርቁንና ሼህ ሙሄን፣ በደህና መኪና አምጥቼ ያደረስኩልህ።

አሚር፦ አላህ ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ የሚያቃስተው ማን ነው? ሼህ ሙሄ መስለውኝ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

ሸሻይ፦ ጎማው ነው። ትንሽ ሰፋ ስላለ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነካል።

አሚር፦ መርሳ ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ የዞርነው ለዚህ ነው?

ሸሻይ፦ ብልሃት ይባላል።

አሚር፦ ጋሽ ወርቁ "ልጁ መንገድ ጠፍቶታል" ብለው ከመስኮቱ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ ነበር።

ሸሻይ፦ ጋሽ ወርቁ ስለ ጎማ ምን ያውቃሉ! ስማ፣ ትልቅ ጎማ ማለት አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ትንሹ ጎማ እየተሽከረከረ ሲለፋ፣ ትልቁ በዝግታ ቀድሞ ይደርሳል። ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ።

አሚር፦ ታዲያ ከእኛ በኋላ የተነሣው ባጃጅ እንዴት ቀደመን?

ሸሻይ፦ ባጃጅ ወደ ቀኝ ይታጠፋላ!

አሚር፦ ሲሳፈሩስ ለሁለቱም በርጩማ ያመጣነው? ጋሽ ወርቁንማ ስናወርዳቸው እንደ ኩንታል ተቀብለን ነው።

ሸሻይ፦ አሁን ጥፋቱን እኔ ላይ ልትጭን ነው? ይህ ሞላ ጭነት ይፈልጋል። ባዶ ሲሆን ይደርቃል፣ ሲጫንበት ይለዝባል። "ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ከኋላ እንጣልበት" ብዬ ስለምንህ "ሽማግሌዎቹን ይሸታቸዋል" ብለህ እምቢ ያልኸው ማን ነው?

አሚር፦ ይሸታላ።

ሸሻይ፦ ደህናው መንገድ እያለ በወንዙ እንሂድ ያልኸውስ? ድንጋይ በድንጋይ ላይ!

አሚር፦ በወንዙ በኩል ጥላ አለ። ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ነው።

ሸሻይ፦ ከፀሐይ አድነህ ለድንጋይ ሰጠሃቸው! አንተ ፈዛዛ፣ ይቺን ጭንቅላት ይዘህ ማንጎ እንዴት ትሸጣለህ?

አሚር፦ ማንጎው ራሱ ይሸጣል። አሁን እስቲ ምን እየሆነ እንደሆነ እይልኝ።

(ሸሻይ ከፊተኛው ጎማ ላይ ወጥቶ በአጥሩ አሻግሮ ያያል።)

ሸሻይ፦ አየህ የትልቅ ጎማ ጥቅም! ግቢው ወለል ብሎ ይታያል።

አሚር፦ ሉብና ትታያለች?

ሸሻይ፦ ሽማግሌዎችህ ናቸው የሚታዩት። ከዛፉ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ወንበርም ወጥቷል። ሼህ አብዱልሐሊም "መርሐባ፣ ተቀመጡ" እያሏቸው ነው።

አሚር፦ ተቀመጡ?

ሸሻይ፦ አልተቀመጡም።

አሚር፦ አልሐምዱሊላህ።

ሸሻይ፦ ይሄስ ወጉ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ይኸው ጋሽ ወርቁ ጀመሩ። "ልጃችሁን ለልጃችን" እያሉ ነው። ሼህ ሙሄም ጨመሩበት። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰምተናችኋል፤ እንግዲህ ዐረፍ በሉና ቀስ ብለን እንጨዋወት" አሏቸው።

አሚር፦ ተቀመጡ?

ሸሻይ፦ ቆይ እስቲ... አልተቀመጡም።

አሚር፦ አልሐምዱሊላህ።

ሸሻይ፦ ምን አልሐምዱሊላህ ትለኛለህ? ወጉ እኮ አለቀ! ተናገሩ፣ ተሰሙ። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ እየለመነ እንግዳው ከቆመ ንቀት ነው!

አሚር፦ አብሽር። ደክሟቸው ይሆናል።

ሸሻይ፦ ደክሟቸው ነው የሚቆሙት? ሰው ሲደክመው ይቆማል? አንተስ ነገር አይገባህም። እንዲያውም ይኸው፣ እናትየዋ እማማ ዘሀራ ፍራሽ አስወጡላቸው።

አሚር፦ (በድንጋጤ) ምን ዓይነት ፍራሽ?

ሸሻይ፦ ወፍራም ነው። ለስላሳ። ትራስም አለው።

አሚር፦ ወይኔ! ሼህ ሙሄ ትራስ ካዩ አለቀልን!

ሸሻይ፦ ምን ትላለህ አንተ? ይቀመጡ እንጂ! ይኸው ሼህ ሙሄ ጎንበስ አሉ... ጎንበስ... ትንሽ ቀራቸው... "ያ አላህ!" ብለው ቀና አሉ።

አሚር፦ አልሐምዱሊላህ ረቢል ዓለሚን!

ሸሻይ፦ (ድምፁ እየቀነሰ) አሚር... ጋሽ ወርቁ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሼህ ሙሄም ጭናቸውን ያሻሉ። በስመ አብ! እነዚህ ሰዎች አንቀመጥም ብለው አይደለም፤ መቀመጥ አቅቷቸው ነው!

አሚር፦ ምነው? ምን ነካቸው?

ሸሻይ፦ ምን ነካቸው ይለኛል! የኔ ሞላ ነው የነካቸው! ከመርሳ እስከ ግራና ሲያነሣ ሲጥላቸው መጥቶ መቀመጫ የሚባል ነገር አልተረፋቸውም! ጉድ ሆንን! ሼህ አብዱልሐሊምም ከወንበራቸው ተነሡ።

አሚር፦ ተቆጥተው?

ሸሻይ፦ ሽማግሌ ቆሞ እሳቸው እንዴት ይቀመጡ? ይኸው እማማ ዘሀራም ቆሙ። አጎትየውም ቆመ። ጎረቤቱም ቆመ። ፍራሹ ብቻውን ተኝቶ ግቢው ሙሉ ቆሟል!

አሚር፦ ሉብናስ?

ሸሻይ፦ በር ላይ ናት። አፏን በሻሽዋ ሸፍና ትስቃለች።

አሚር፦ ማሻ አላህ። ሳቋ ደስ ይላል።

ሸሻይ፦ በእኛ ነው የምትስቀው! (ግንባሩን እየመታ) አሚር ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። የሐራውን ልጅ በገዛ ሞላዬ ዳርኩት። አሁን ገብቼ እውነቱን ልናገር። "አባባ፣ ንቀት አይደለም፤ የመኪናዬ ጥፋት ነው" ልበላቸውና እግራቸው ላይ ልውደቅ።

አሚር፦ (ከሸራው ሥር ተስፈንጥሮ ይነሣል፤ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል) እንዳትሄድ!

ሸሻይ፦ ተኛ! ያዩሃል!

አሚር፦ አንዲት እርምጃ ብትራመድ ወላሂ ይህን ጎማህን በቢላ ነው የምተለትለው!

ሸሻይ፦ ሐዘኑ አናትህ ላይ ወጣ፣ አልፈርድብህም። ዝም... ዝም በል! ሼህ አብዱልሐሊም እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ጋሽ ወርቁም ወገባቸውን ለቀው ዘረጉ። በቃ፣ የመሸኛ ዱዓ ነው። "በሰላም ግቡ" ተብለዋል።

አሚር፦ የሚሉትን ስማልኝ እንጂ!

ሸሻይ፦ (አንገቱን አስግጎ) "ከዚህ ግቢ ብዙ ሽማግሌ ገብቶ ወጥቷል" ይላሉ... "ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል፣ ብላ ሲሉት ይበላል" ይላሉ... "እናንተ ግን ወንበር ባቀርብ እምቢ፣ ፍራሽ ባነጥፍ እምቢ፤ እሺታዬን ሳትሰሙ ላትቀመጡ ጨክናችሁ፣ በዚህ ዕድሜያችሁ እንደ ችካል ቆማችሁ። እናንተን የመሰሉ ሰዎች እንዲህ የሚቆሙለት ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ቢሆን ነው?"...

አሚር፦ እሺ? እሺ?

ሸሻይ፦ "ለሐራው ሰዎች ይቅርታ እልካለሁ" አሉ... "ሉብናን ሰጥቻለሁ!" አሚር! ሰጡህ! ፋቲሃ እየተቀራ ነው!

(ከግቢው እልልታ ይሰማል። ሸሻይ ከጎማው ላይ ዘሎ ይወርድና ደረቱን ነፍቶ በመኪናዋ ዙሪያ ይንጎራደዳል።)

ሸሻይ፦ ማን ነው ይህን የሠራው? በል ንገረኝ፣ ማን ነው?

አሚር፦ አሁን ይቅር በለኝ ስትለኝ አልነበረም እንዴ?

ሸሻይ፦ ያ ትሕትና ነው! እኔ ሞላ ስመርጥ ዝም ብዬ አልመርጥም፤ የአገሩን ወግ አስቤ ነው የምመርጠው። አንተማ በየመሐሉ አልሐምዱሊላህ ስትል የነበረው ነገሩ ሳይገባህ ነው።

አሚር፦ (ከመኪናዋ ወርዶ ወገቡን እያሸ) ባለፈው ወር የላክኋቸው በሚኒባስ ነበር። ወንበሩ ደህና ነው፣ መንገዱም ደህናው ነው። ሼህ አብዱልሐሊም "ተቀመጡ" ሲሏቸው፣ ወዲያው ተቀመጡ። ፍየል ታርዶ ኖሮ እሱንም በሉ። ሼህ ሙሄ ትራሱ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። መርሳ ሲመለሱ "ምን አሏችሁ?" ብዬ ብጠይቃቸው "እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው መሰለህ!" አሉኝ።

ሸሻይ፦ እና?

አሚር፦ እናማ የማይቀመጥ ሽማግሌ ከየት ላምጣ እያልኩ ስጨነቅ፣ አንተ መሪህን ታቅፈህ፣ ጥርስህ እየተንገጫገጨ ከጋራዥ ብቅ አልህ።

(ሸሻይ መኪናዋን ያያል፣ አሚርን ያያል፣ መልሶ መኪናዋን ያያል።)

ሸሻይ፦ እና እኔ ሦስት ቀን ጋራዥ ቆሜ ያሠራሁት...

አሚር፦ ለኔ ነው። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።

ሸሻይ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ይሁን፣ ወዳጅ አይደለን። ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ለሰርጉ ሙሽራዋን የማመጣት እኔ ነኝ፤ በዚችው መኪና።

አሚር፦ እሱማ አይሆንም። ለሙሽራዋ ለስላሳ መኪና ተከራይቻለሁ፤ ቀብዱንም ሰጥቻለሁ።

ሸሻይ፦ መቼ? ልጅቱን አሁን እኮ ነው የሰጡህ!

አሚር፦ በዚች መኪና አሳፍረህ ከወልዲያ መርሳ ያደረስኸኝ ዕለት ነዋ። ስወርድ መቀመጥ ሲያቅተኝ ጊዜ፣ እንደ ቆምኩ ሄጄ ተከራየሁ።